የሰርዲኑ ባቡር

ሰቆጣ ውስጥ ባቡር አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለ። ከበራችን ተነስቶ እስከ ጀበናው ድረስ ይሄዳል። ርዝመቱ ሁለት የሰርዲን ጣሳ ሲሆን፣ ባለቤቱ ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ለበዓል ቤት ስገባ እናቴና አጎቴ በዚሁ ባቡር ሲከራከሩ ደረስኩ። አጎቴ «ሳይንስ 52 አምጥቶ ቆርቆሮ ይሰበስባል፤ ይጣል!» ባይ ናቸው። እናቴ ለሁለቱም ታዝናለች። እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁና ከመፍረዴ በፊት ተከሳሹን ጠየቅኩት።

ሁለት ሽቦ አቃንቶ ጣውላ ላይ መታ፤ ሃዲድ ሆነ። ከተበላሸ ቴፕ ዲናሞ አወጣ፤ ጎማው ቆርኪ ነው። ከባትሪ ድንጋዩ ፖዘቲቩን ለአንዱ ሃዲድ፣ ኔጋቲቩን ለሌላው ሰጠ። ባቡሩ አልነቃነቅ አለ፤ ሽቦው ግን ጋለ። ቆርኪውም፣ ቆርኪዎቹን ያያያዘው ምስማርም ብረት ስለሆኑ ኤሌክትሪኩ ዲናሞው ጋ ሳይደርስ በምስማሩ አቋርጦ ይመለሳል። ኮንታክት የምንለው ነው። ሳምንት ሙሉ ተጨነቀበት። በኋላ ስልክ ላይ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ፎቶ ሲያይ ጣሪያው ላይ ያለውን ክንድና ከበላዩ የተዘረጋውን ሽቦ ልብ አለ።

«ለካ አንዱ መስመር ከላይ ነው!» አለኝ፣ አሁንም እየተገረመ።

ትልቁም ባቡር 750 ቮልቱን ከላይ ተቀብሎ በሃዲዱ ይመልሳል። ልጁ ሁለት እንጨት ተክሎ ሽቦ ወጠረ፣ ከጃንጥላ ሽቦ ክንድ ሠራ፣ ክንዱ ጣሳውን እንዳይነካ ፕላስቲክ አለበሰው፣ ሁለቱንም ሃዲድ ኔጋቲቭ አደረገ። ሄደ! መብራት በጠፋ ማታም ይሄዳል (የአዲስ አበባው በዚህ በኩል አይወዳደረውም)። ከ1859 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጫወቻ የሚሠራው የጀርመኑ ሜርክሊን እንኳ ለዚችው ጣጣ ሲል በሃዲዶቹ መሃል ሌላ መስመር ይዘረጋል። ወንድሜ ሜርክሊንን አያውቅም።

አሁን ፍርዴን ልናገር። የአዲስ አበባው ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ 41 ባቡሮች ይዞ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ ብድሩም፣ የውጭ ምንዛሪውም አለ። ግን ባቡር የምንገዛ እንጂ የምንፈታ ሰዎች አይደለንም። መፍታት የጀመረ ልጅ ሲገኝ ደግሞ ጣሳውን እንጥልበታለን! 52ቱን አልክድም። ፈተናው ግን «ኮንታክት ምንድን ነው?» ብሎ ትርጉም ያስመርጣል እንጂ፣ የጋለ ሽቦ ጣቱን ያቃጠለውን ልጅ ምን እንዳደረገ አይጠይቀውም።

አጎቴ እስካሁን አልተረቱም። ባቡሩ ጀበናው ጋ ሲደርስ ግን ቡናቸውን ይዘው እግራቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

አሁን የቸገረው መታጠፊያው ነው፤ ቆርኪው ከሃዲዱ ይወጣል። አንዱ ዲናሞም ተቃጥሎበታል። የተበላሸ ቴፕ ያላችሁ እንዳትጥሉት፤ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ሰው አላጣም።