የቁም ሳጥኑ ሠሪ ማን ነው?

በቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተሠራ ቁም ሳጥን በሙዚየም ወይም በጨረታ መዝገብ ሲገባ፣ «ሠሪ» በሚለው ዓምድ ሥር የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ የድርጅት ስም ነው። ማኅተም ያልተገኘበት ዕቃ «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ለነጋዴው ይመች ይሆናል፤ ለታሪክ ጥናት ግን የሚበጅ አይመስለኝም። ማኅተሙ የሚያሳውቀን ድርጅቱን እንጂ ዕቃውን ያገጣጠመውን እጅ አይደለምና።

የላንካስተሩ የጊሎው ድርጅት መዛግብት ለዚህ አስረጂ ናቸው። የዕቃውን ንድፍ፣ የእንጨቱንና የጉልበቱን ዋጋ በያዙት የግምት መዝገቦች ውስጥ የሠራተኛው ስም በብዙ ስፍራ ተጽፎ ይገኛል፤ መዝገቦቹም በለንደን በዌስትሚኒስተር ከተማ ቤተ መዛግብት ተጠብቀዋል። እንግዲህ ስሙ ሳይጠፋ፣ ቅጹ ቦታ ስላልተወለት ብቻ የተረሳ ባለሙያ አለ ማለት ነው።

የምሥራቅ ለንደኖቹ ጉዳይ ይከብዳል። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው በ1850 እ.ኤ.አ. በሞርኒንግ ክሮኒክል ጋዜጣ ባወጣቸው ዘገባዎች የከተማዪቱን የቤት ዕቃ ሠሪዎች በሁለት ወገን ከፍሎ አሳይቷል። በምዕራቡ ክፍል በማኅበር የተደራጁ፣ በታወቀ ዋጋ የሚሠሩ ነበሩ። በምሥራቁ ግን ድኻው ባለሙያ ያለ ትእዛዝ በመኖሪያ ክፍሉ ከቤተሰቡ ጋር ይሠራል፤ የሠራውንም ተሸክሞ እየዞረ፣ ለዕለት ጉርሱ ሲል በተገኘው ዋጋ ለመጋዘን ይሸጣል። ሠራተኞቹ እነዚህን መጋዘኖች «ቄራ» ይሏቸው ነበር። ስያሜው ከማናቸውም ሰንጠረዥ ይልቅ የዋጋውን ነገር ይገልጣል።

እንዲህ ያለው ዕቃ ማኅተም የለውም፤ ምልክት የለውም ማለት ግን አይደለም። ርካሽ ቁም ሳጥን ፊቱ በስስ የማሆጋኒ ልባጥ ተሸፍኖ ያብረቀርቃል፤ ጀርባው ግን በወጉ ያልተላገ የጥድ ሳንቃ ነው። የመሳቢያው ማዕዘን አያያዝ፣ የመጋዝና የመላጊያ ፋና፣ የሙጫው ፍሳሽ ሥራው በጥድፊያ ይሁን በእርጋታ መሠራቱን ለመገመት ይረዳሉ። ፊቱ ለገዢ፣ ጀርባው ለግድግዳ ተሠርቷል፤ የእኛም መዝገቦች ከገዢው ጋር ቆመው ፊቱን ብቻ ፎቶግራፍ ያነሣሉ።

በእነዚህ ምልክቶች ስም አይገኝም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም «ያልታወቀ» የሚለው ቃል በማኅበር የሠራውንና በረኃብ የሠራውን በአንድ ከረጢት ይከታል። «ድርጅት» እና «የሠራው እጅ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ቢለዩ፣ በሁለተኛው ስም ባይገኝ እንኳ የአሠራሩ ሁኔታ ሊጻፍበት ይችላል። ይህም ጊዜ የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ በጥገና ስም ሻካራው ጀርባ ተነቅሎ በኮምፖርሳቶ ሲተካ ማስረጃው አብሮ ይጣላል።