«ልጅ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

«ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል!» የምትለውን ቃል በየሰፈራችን ያልሰማ የለም። ልጃችን የወረወረው ድንጋይ የጎረቤት መስኮት ሲሰብር ወይም የጓደኛውን ግንባር ሲፈነክት ቶሎ የምንይዛት ምክንያት እርሷ ናት። ለመሆኑ ሕጉ ይቀበላታልን?

በ1996 ዓ.ል. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይቀበላታል፤ ግን በልክ ነው። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። እርሱን ማረም ለቤተሰቡ፣ ለትምህርት ቤቱና ለአሳዳሪው ተትቷል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም የአዋቂ ቅጣት አይፈረድበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ዳኛው እንደ ጥፋቱ ሊወቅሰው ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ እንዲገባ ሊያዝ ይችላል። 15 ዓመት ካለፈው ግን የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። 18 እስኪሞላው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ሞትም አይፈረድበትም። ዕድሜው የሚቆጠረው ድርጊቱን በፈጸመበት ቀን ነውና የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣትን ችላ አንበል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ራሱን ከጥቃት በአግባቡ የተከላከለ ሰው ያደረገው የተፈቀደለትን ነው። ሕፃኑ ያደረገው ግን ጥፋት ነው፤ የማይቀጣውም ክፉና ደጉን የሚለይበት አእምሮው ገና ስላልበሰለ ነው። በጽኑ የአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚሠራውን የማያውቅ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ፍርድ ቤት በቅጣት ፈንታ ሕክምና ሊያዝለት ይችላል። ወንጀል ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረ ግን «ሰክሬ ነበር» ቢል አያመልጥም።

ታዲያ ልጁ ከቅጣት ቢድንም የጎረቤት ጉዳት አይሰረዝም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2124 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል። በኢስላማዊው ፊቅህም ሕፃን ኃጢአት ባይጻፍበትም ያጠፋው የሰው ንብረት ካሣ አለበት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችን ሲያጠፋ «ልጅ ነው» ብለን በራችንን አንዝጋ። እጁን ይዘን ጎረቤት ዘንድ እንሂድ፤ ይቅርታ ይጠይቅ፣ እኛም የተሰበረውን እንተካ። ሕጉ እነዚያን 9 ዓመታት ለእኛ የተወልን ልጁን እንድናርምባቸው ነውና።