ቃሉ በአዳራሹ ብቻ ሲሰቀል

ባለፈው ቅዳሜ ለጸሎት ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦ ወጥተን ነበር። ስንመለስ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ አረፍ አልን። ቁልቁል ከተማው ተዘርግቷል፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው በአጠገባችን ያልፋሉ። ከመካከላችን አንዱ የቦታውን ታሪክ አነሳ፤ ጨዋታውም ሳናስበው ወደ ራሳችን አጥቢያ ወሰደን።

አጼ ምኒልክ አስቀድሞ የከተሙት እዚህ ተራራ ላይ ነበር። ብርዱና የማገዶው እጥረት ግን የሚቻል አልነበረም። በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃው አካባቢ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ኑሮውም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ሆኖም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት ታች ሳይሆን ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ለትልቁ ቀን ወደ ተራራው ተወጣ፤ ገበያው፣ ሙግቱና ግብሩ ግን የሚጠብቀው ታች ነበር።

እኛም ከዚህ ብዙ አንርቅም። አጥቢያችን በየመስከረሙ የዓመቱን ቃል ይመርጣል። ዘንድሮ የተመረጠው ገላትያ 6፥2 ነው፤ አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም የሚያዘው። በትልቅ ባነር ተጽፎ ከመድረኩ በላይ ተሰቀለ። መሰላል ላይ ወጥቶ የሰቀለው የግቢያችን ጥበቃ ነው።

ይኸው ወንድም በጥር ወር ባለቤቱ ታማ ሆስፒታል ስትገባ የሁለት ወር ደመወዝ በብድር ጠየቀ። ጉዳዩ ለፋይናንስ ኮሚቴ ቀረበ። በጸሎት ከፈትን፣ መመሪያውን አየን፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ ብድር እንደማይሰጠው ተነበበ፤ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፍን። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። የዓመቱን ቃል ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አላነሳም፤ ቃሉ አዳራሹ ውስጥ ነው፣ እኛ ደግሞ ከጀርባ ያለችው ቢሮ ውስጥ ነበርን። ገንዘቡን በኋላ ያዋጡት አዳራሹን የሚያጸዱት እህቶች ናቸው። እነርሱ ባነሩን በየቀኑ ያዩታል።

ዘዳግም 17፥18-20 ስለ ንጉሥ የሚናገረውን ልብ በሉ። በዙፋኑ በተቀመጠ ጊዜ የሕጉን ቅጂ ለራሱ እንዲጽፍ፣ ከእርሱም ጋር እንዲኖር፣ ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነበው ታዘዘ። ሕጉ በካህናቱ ዘንድ አለ ተብሎ አልተተወም። ፍርድ በሚሰጥበት ስፍራ አብሮት ካልነበረ ልቡ በወንድሞቹ ላይ ይኮራልና። ምዕራፍ 6ም ቃሉን ቤት ውስጥና መንገድ ላይ፣ ስንተኛና ስንነሳ፣ በእጅና በመቃን ላይ ያደርገዋል። የዓመቱ ቃልም በእሑድ አምልኮ ፊት እንደሚቆም ሁሉ በፋይናንሱ፣ በመዘምራኑ፣ በወጣቶቹና በሽማግሌዎች ጉባኤ ራስጌ ላይ መቆም አለበት ብለን እናምናለን።

«ሁሉም ቦታ ከተለጠፈ ዐይን ይለምደዋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነታቸውን ነው። በየቤታችን የአምስት ዓመት የጥቅስ ካላንደር በአንድ ግድግዳ ላይ ተደራርቦ የለ? (የአምናው ባነርም በጎን በኩል እስካሁን አልወረደም፤ የሚያወርደው ሰው ያስፈልጋል።) ስለዚህ ቃሉ አንድ ብቻ ይሁን፣ ያለፈው ይውረድ፤ በየስብሰባውም እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መጀመሪያ አጀንዳ ይቀመጥ። ፋይናንሱ «በዚህ ውሳኔ ሸክሙ የሚከብደው በማን ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መዘምራኑ አዲስ የደንብ ልብስ ከማሰፋታቸው በፊት መክፈል የማይችለው ማን እንደሆነ ይወቁ። መመሪያው አይሻር፤ ነገር ግን ቃሉ ከእርሱ በፊት ይነበብ።

ይህን ለሽማግሌዎች አቅርበናል፤ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ በፋይናንሱ እንዲሞከር ተስማምተዋል። ያን ወንድም ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅነውም። ማክሰኞ ከስብሰባው በፊት ቤቱ እንሄዳለን።