ጋላክሲን የሚቀርጸው ግጭት ብቻ ነውን?

ጋላክሲዎች የዛሬ ቅርጻቸውን እንዴት አገኙ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አብዛኛው ተማሪ የሚሰጠው መልስ ግጭት ነው። ሁለት ጋላክሲዎች በስበት ኃይል ይሳሳባሉ፤ ይጋጫሉ፤ በመጨረሻም ይዋሐዳሉ። ታሪኩ አስደናቂ በመሆኑ ለሥዕልም ለፊልምም ይመቻል። በእኔ እምነት ግን መልሱ ጎዶሎ ነው፤ ቀስ ብሎ ከውስጥ የሚመነጨው ለውጥም በትምህርታችን እኩል ስፍራ ሊሰጠው ይገባል።

ለዚህ የሰሜን ሸዋ ደጋ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። የኢትዮጵያ ደጋ ከተነባበረበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ በሥነ ምድር አቆጣጠር አጭር በሚባል ጊዜ የፈሰሰ ነው። መርሐቤቴን ከአጎራባቾቿ የለዩትን የጀማንና የወንጪትን ሸለቆዎች የቦረቦረው ግን የወንዞች ትዕግሥት ነው። አምባውን በእሳቱ ብቻ ወይም በውኃው ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ጋላክሲም እንዲሁ ነው።

የግጭትን ሚና የሚክድ የለም። ወንድማማቾቹ አላርና ዩሪ ቱምሬ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የኮምፒዩተር ስሌት፣ ከአንዳንድ ጋላክሲዎች ተመዝዘው የሚታዩት ረጃጅም ጭራዎች በስበት መሳሳብ የሚፈጠሩ መሆናቸውን አሳይተዋል። የእኛው ፍኖተ ሐሊብም ከ10 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አንድ አነስተኛ ጋላክሲ መዋጡ፣ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ከሰበሰበችው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ታውቋል። በአንጻሩ ከአንድሮሜዳ ጋር መጋጨታችን የማይቀር ነው ሲባል ቢቆይም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት ይህ በሚቀጥሉት 10 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የመሆን ዕድሉን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጎታል።

አዝጋሚው ለውጥስ እንዴት ይሠራል? በብዙ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች መሐል ከዋክብት እንደ አግዳሚ ተዘርግተው ይዞራሉ። የአግዳሚው ስበት የጋዙን የዙረት ጉልበት ይቀንሰዋል፤ ጉልበቱን ያጣው ጋዝ ወደ ማዕከሉ ይወርዳል፤ በዚያም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ። ፀሐይ የፍኖተ ሐሊብን ማዕከል አንድ ጊዜ ለመዞር 230 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ስለሚፈጅባት፣ ይህ ሁሉ በቢሊዮን ዓመታት የሚለካ ሥራ ነው።

በጥር ወር መጀመሪያ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከመንዝ ጓሳ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው አንድሮሜዳን በሰሜን ምዕራብ፣ ትልቁን የማጄላን ደመና ደግሞ በደቡብ አድማስ አቅራቢያ ያለ መሣሪያ ያያል። የማጄላን ደመና በውስጡ አግዳሚ አለው፤ ከጎረቤቶቹ ጋርም በስበት ይጓተታል። ሁለቱም ኃይሎች በአንድ አካል ላይ ሲሠሩ እነሆ!

አንድን ጋላክሲ ለቢሊዮን ዓመታት ተቀምጦ የሚመለከት ሰው የለም። ስለዚህ በተለያየ ዕድሜ ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ጋላክሲዎችን ማነጻጸር ግድ ይላል። የጋያን የመሰሉ መረጃዎች ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ጋላክሲ ዙ የተሰኘ ፕሮጀክትም ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው የመለየቱን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞች ሰጥቷል። በመሆኑም የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎቻችን ግዙፍ ቴሌስኮፕ እስኪገዛ ሳይጠብቁ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆኑ ርእሶችን ከእነዚህ መረጃዎች ሊያወጡ ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም።

ይህ ለድኻ አገር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። የመንዝ ገበሬ ማሳ በአንድ ሌሊት አይጠፋም፤ በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ይታጠባል። ለድንገተኛው አደጋ ብቻ የሚነቃ አእምሮ ይህን ኪሳራ ልብ የሚለው ካለፈ በኋላ ነው። አዝጋሚውን ለውጥ መለካት የሚችል ወጣት ያስፈልገናል፤ ትምህርቱን ከጋላክሲ ቢጀምር ምን ይከፋል?