ቁልፍ ሲሸጥ ገዢው የሚረከበው ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፦ "በሥራ ላይ ያለ ካፌ ከነሙሉ ዕቃው ይሸጣል" የሚል ማስታወቂያ በከተሞቻችን የመብራት ምሰሶዎች፣ በሱቅ በሮችና በቴሌግራም ገጾች ላይ ማየት የተለመደ ሆኗል። ፀጉር ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የሞባይል መለዋወጫ ሱቁ ሁሉ በዚህ መልክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ነጋዴው ግብይቱን ባጭሩ "ቁልፍ መሸጥ" ይለዋል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የቡና ማሽን፣ ማቀዝቀዣና የዳቦ መጋገሪያ በብር ሲተመን ዋጋው ንሯል። ስለዚህ ከባዶ ከመጀመር የተቋቋመውን መግዛት ይረክሳል የሚለው ስሌት ብዙዎችን ይስባል። ገዢዎቹ በአብዛኛው ከዐረብ ሀገር ጥሪታቸውን ይዘው የተመለሱ፣ ከመንግሥት ሥራ የወጡ ወይም ውርስ የተካፈሉ ሰዎች ናቸው። የሚከፍሉት ገንዘብ ዳግመኛ የሚገኝ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከዋጋው ትልቁ ክፍል የሻጩ ላልሆነ ነገር በሚከፈልበት ጊዜ ነው።

የ1952 ዓ.ም.ን ሕግ የተካው የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) "የንግድ መደብር" የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ይዞ ቀጥሏል። በሕግ ቋንቋ መደብር ማለት ቤቱ አይደለም። የንግድ ስሙ፣ ደንበኛን የሚያመጣው መልካም ዝናው፣ መሣሪያውና ሸቀጡ፣ በኪራይ ከሆነም የመከራየት መብቱ ተደራጅተው የሚፈጥሩት ግዙፍነት የሌለው ሀብት ነው። በተግባር ግን ገዢው ዐይኑን የሚጥለው መንገድ ዳር ባለው ቦታ ላይ ነው። ቦታው ደግሞ የአከራዩ ነው፤ አከራዩም ቁልፍ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ከድርድሩ ቦታ የለም።

ሻጩ ቁልፉን አስረክቦ በሄደ በሁለተኛው ወር ባለቤቱ መጥቶ ኪራዩን በእጥፍ ቢጨምር ወይም ውሉ ሲያበቃ "ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ" ቢል ገዢው ምን ይላል? አንዳንዶች በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን የሚመለከተው የመኖሪያ ቤት ኪራይን እንጂ የንግድ ቤትን አይደለም። የንግድ ቤት ተከራይን የሚጠብቀው በዋናነት የራሱ ውል ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከአከራዩ ጋር በገዢው ስም፣ ቢቻል ለብዙ ዓመት፣ የጭማሪው ልክ ተወስኖ አዲስ ውል መፈረም አለበት። አከራዩ ለመፈረም ፈቃደኛ ካልሆነ የሚሸጠው ዕቃ ብቻ ነው፤ ዋጋውም የዕቃ ዋጋ መሆን ይገባዋል።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል። ተከራዩ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት ስለማይፈቀድለት "በውስጥ ስምምነት" የሚደረገው ርክክብ ገዢውን ያለ ምንም መብት ያስቀረዋል። በዚህ ላይ የኮሪደር ልማቱ አለ። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርንና አዲስ አበባን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች መንገድ እየሰፋ፣ የመንገድ ዳር ቤቶችም እየፈረሱ ወይም ወደ ኋላ እየተገፉ ነው። ቦታው በፕላኑ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከከተማው አስተዳደር መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሻጩ ለመሸጥ የተጣደፈው ይህንኑ ቀድሞ ሰምቶ ሊሆንም ይችላል።

ከቦታው ቀጥሎ ገዢን የሚያሳስተው ሒሳቡ ነው። ሻጩ ለግብር የሚያቀርበውን መዝገብ ሲያሳይ ሽያጩ ትንሽ ይሆናል። ወዲያው ጠጋ ብሎ "ይህ ለገቢዎች ነው፤ እውነተኛው ሁለት እጥፍ ነው" ይላል። ደላላውም ያጸናለታል፤ ኮሚሽኑ ሽያጩ ሲፈጸም የሚከፈለው ነውና። ገዢው እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊያጤን ይገባል፤ ሰውየው ለመንግሥት ያሳነሰውን ቁጥር ለገዢ ላለማጋነኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው? ዋጋ መመሥረት ያለበት በሰነድ በሚታይ ገቢ ላይ ነው፤ ማለትም በሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ሪፖርት፣ በባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ፣ በአቅራቢዎች ደረሰኝ። ዱቄት፣ ወተትና ቡና በወር ምን ያህል እንደተገዛ ያወቀ ሰው ምን ያህል እንደተሸጠ መገመት አያቅተውም።

ትርፉም ቢሆን በደንብ መታየት አለበት። ለምሳሌ ያህል በወር 40 ሺህ ብር ያተርፋል የተባለ ካፌ በ900 ሺህ ብር ቀረበ እንበል። በወረቀት ላይ ገንዘቡ በ22 ወር ተኩል ይመለሳል። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ከንጋት እስከ ምሽት ሒሳብ ይቀበላል፣ ባለቤቱ እመቤት ወጥ ቤት ትውላለች፣ የወንድሙ ልጅ ገበያ ይመላለሳል፤ ለአንዳቸውም ደመወዝ አይታሰብም። ገዢው በእነሱ ምትክ ሦስት ሰው በ8 ሺህ፣ በ7 ሺህና በ6 ሺህ ብር ቢቀጥር የሚቀረው ትርፍ 19 ሺህ ብር ነው። ያው 900 ሺህ ብር ለመመለስ ከ47 ወራት በላይ ይፈልጋል። የኪራይ ውሉ የሚቀረው አንድ ዓመት ከሆነ ስሌቱ ከጅምሩ አይሠራም። ወቅቱም ይቆጠር፤ ሥጋ ቤትን ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብቻ ዐይቶ የገዛ ሰው የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲመጡ ሌላ ሱቅ የገዛ ይመስለዋል።

"ፈቃዱ እስኪታደስ በእኔ ስም ሥራ" የሚለው የሻጭ ቸርነት ደግሞ ለሁለቱም ወጥመድ ነው። የንግድ ሥራ ፈቃድ የተሰጠው ለባለስሙ ነው፤ እንደ ዕቃ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። በሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የተቆረጠ ደረሰኝ ሁሉ የሻጩ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። በአንጻሩ የሻጩ ባለዕዳ ጠያቂ ፍርድ ይዞ ሲመጣ መደርደሪያው ላይ ያለው ሸቀጥ በሰነድ የማን ነው? ገዢው በራሱ ስም ተመዝግቦ ፈቃድ እስኪያወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሱቁ ቢዘጋ የሚጎድለው ገቢ ከዚህ ጣጣ ጋር አይወዳደርም።

ዕዳም ከዕቃው ጋር ሊመጣ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን፣ ማቀዝቀዣና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት በእጅ እንዳለ ለብድር ዋስትና ሊመዘገብ ይችላል፤ መዝገቡም በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። የቡና ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ መቀመጡ ብቻ ከዋስትና ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም ከሻጩ መጠየቅ አለበት፤ የውኃ፣ የመብራትና የተጠራቀመ ኪራይ ዕዳ እንዲሁ።

ብዙዎች ፈጽሞ የማያስቡት ግን የሠራተኛውን ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ ብቻ የሥራ ውልን አያቋርጥም። አዲሱ ባለቤት ሠራተኛውን ከነአገልግሎት ዘመኑ ይረከባል። የሥራ ስንብት ክፍያ ሲታሰብ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚሁ አንድ ሦስተኛ ነው። በወር 6 ሺህ ብር እየተከፈላት 7 ዓመት የሠራች አስተናጋጅ ክፍያው በሚገባት ሁኔታ ብትሰናበት 18 ሺህ ብር ይደርሳታል ማለት ነው። አምስት እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ባሉበት ቤት 90 ሺህ ብር በዋጋው ውስጥ ሳይታይ ተቀምጧል። በሌላ በኩል ደንበኛ በስሙ የሚጠራው ባሬስታ ከሻጩ ጋር ተከትሎ ከወጣ መልካም ዝናው አብሮት ይወጣል።

ሻጩ ራሱስ ከሁለት ወር በኋላ ማዶ ላይ ቢከፍት? የንግድ ሕጉ ሻጭ ገዢውን የሚጎዳ ውድድር እንዳያደርግ የሚከለክል መርሕ አለው። ቢሆንም ሰፈሩና ዓመቱ በውል ተለይቶ ካልተጻፈ ክርክሩ በፍርድ ቤት ሲመላለስ ደንበኛው ማዶ ተሻግሮ ያልቃል።

ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ የዕቃው ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ ሊያያዝ፣ ውሉም ሥልጣን ባለው የሰነድ ማረጋገጫ ተቋም ሊመዘገብ ይገባል። በክፍያው በኩል ግን ልማዳችን ደካማ ነው፤ ገንዘቡ ቁልፉ በተሰጠበት ዕለት ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ከዋጋው የተወሰነው እጅ አዲሱ የኪራይ ውል፣ የገዢው ፈቃድና የዕዳ ማጣሪያው እስኪያልቁ፣ ቢቻልም አንድ ሙሉ ወቅት እስኪያልፍ እንዲቆይ መደራደር ይቻላል። የቀረበው ሒሳብ እውነት ከሆነ ሻጩ ይህን ለመቀበል ብዙም አይቸገርም። "ዛሬ ካልከፈልክ ነገ ሌላ ገዢ አለ" የሚል መልስ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ገዢ እንዲወስደው መተው ነው።