ኤም ኦ ቲ ሲደርስ

በዚህ ወር የያዝነው መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ በዓመት አንዴ የሚያስበውን ጉዳይ ነው፤ በብሪታንያ ኤም ኦ ቲ የሚባለውን የመኪና ምርመራ። አገር ቤት ቦሎ ለመለጠፍ የሚደረገውን ዓመታዊ ምርመራ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም።

መኪናው ከተመዘገበ 3 ዓመት ሲሞላው ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ነው። ታክሲና መሰል ሥራ የምትሠሩ ግን ሕጉ ለእናንተ ጠበቅ ስለሚል ፈቃድ የሰጣችሁን ክፍል ጠይቁ። ለቤት መኪና ጋራዥ ማስከፈል የሚችለው ቢበዛ 54.85 ፓውንድ ነው። ብዙዎቹ ቀንሰው ይሠራሉ። ቅናሹ ደስ ይላል፤ ሆኖም ትርፉን ከጥገናው አወጣለሁ ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ አንዳንድ ካውንስሎች ለሕዝብም የሚመረምሩበት ጣቢያ አላቸው፤ በሰፈራችሁ እንዳለ ጠይቁ።

ቀጠሮውን እስከ መጨረሻው ቀን አታቆዩት። ለምሳሌ ሜይ 15 የሚያልቅባችሁ ከሆነ ከኤፕሪል 16 ጀምሮ ማስመርመር ትችላላችሁ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቀናችሁም አይቀየርም። ቀኑ ካለፈ በኋላ መንዳት እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ቀድሞ ወደተያዘ የምርመራ ቀጠሮ ወይም ወደ ጥገና ቦታ መንዳት ብቻ ይፈቀዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ መኪና የሚወድቀው በትንንሽ ነገር ነው፤ ይህን ደግሞ ዋዜማው ላይ ቤት ደጃፍ ማየት ይቻላል። ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው! አባባ ወይም እማማ ፍሬን ሲረግጡ ከኋላ ራቅ ብላችሁ የእግረኛ መንገድ ላይ ቁሙና የፍሬን መብራቶቹን ቁጠሩ። ከዚያ ፍሬቻ በግራ፣ በቀኝ፤ ከዚያ የታርጋ መብራት። ክላክስ ይነፋ (ጎረቤት ሳይተኛ)። ዝናብ መጥረጊያው በደንብ ይጠርጋል? ውሃስ ይረጫል? የኋላ ወንበሮችን ቀበቶ ሁሉ ሳቡና ቆልፉ፤ ብዙ ጊዜ በመሃል ያለው ወንበር ሥር ገብቶ ይረሳል።

ለጎማ የ20 ፔንስ ሳንቲም በቂ ነው። ጎማው ጥርስ ውስጥ አስገቡት፤ የሳንቲሙ የዳር ጠርዝ ከታየ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ሕጉ የሚፈልገው ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከፊት መስታወቱ ላይ የምናንጠለጥለው መስቀል፣ መቁጠሪያ ወይም ባንዲራም እይታ ከጋረደ ያስጥላል፤ ለዚያ ቀን ኪስ ውስጥ ይግባ። ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው ቢጫ የሞተር መብራትም እንዲሁ። አንዳንዱ ሰው እንደ ጌጥ ዓመቱን ሙሉ ይዟት ይዞራል፤ ኤም ኦ ቲ ላይ ግን ይወድቃል።

ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ምን ያህል እንደደከሙ ግን አይመረመርም። ስለዚህ አለፈ ማለት መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ውጤቱ ላይ አራት ቃላት ታያላችሁ። «ዴንጀረስ» ካለ መኪናው ሳይጠገን አይነዳም፤ አለቀ። «ሜጀር»ም ወድቋል ማለት ነው። «ማይነር» እና «አድቫይዘሪ» ግን አልፋችኋል፤ ይህን አስጠግኑ ወይም ተከታተሉ የሚል ምክር ነው። ይህን ልዩነት መያዝ ገንዘብ ያድናል። አድቫይዘሪ የሆነውን ሁሉ ዛሬውኑ ካልሠራሁ የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ፣ «አመሰግናለሁ፣ አስቤበት እመለሳለሁ» ማለት መብታችሁ ነው። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ወላጆችም፦ የ10 ዓመት ልጅ ስለ ፍሬን ዋጋ እንዲያስተረጉም ከማድረግ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀብሎ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ይሻላል።

መኪናው ወድቆ እዚያው ትታችሁት ከተጠገነ ድጋሚ ምርመራው በነጻ ነው። ሌላ ቦታ አስጠግናችሁ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ከመለሳችሁትም ሙሉውን ዋጋ አትከፍሉም። በውጤቱ ካልተስማማችሁ በመጀመሪያ ከጋራዡ ጋር ተነጋገሩ፤ ካልሆነ በ14 የሥራ ቀን ውስጥ ለዲ ቪ ኤስ ኤ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይግባኙ እስኪታይ ግን መኪናውን እንዳታስጠግኑት፤ ከተጠገነ በኋላ የሚታይ ነገር አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር። የማንኛውም መኪና የኤም ኦ ቲ ታሪክ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ታርጋውን በማስገባት ብቻ በነጻ ይታያል፤ መቼ ወደቀ፣ በምን ወደቀ፣ በየዓመቱ ስንት ማይል ነበረው። ከወዳጅም ይሁን ከማኅበር ሰው መኪና ስትገዙ እጅ ከመጨባበጣችሁ በፊት ይህን እዩ። አምና 90,000 ማይል የነበረ መኪና ዘንድሮ 60,000 ካለ ሻጩን ምክንያቱን ጠይቁት።