ከራሱ ጋር ብቻ የሚጫወት ሊግ

ሞጣም ሆነ ቢቸና፣ ቅዳሜ ከሰዓት የዲኤስቲቪ ቤቱ በአርሰናልና በማንቸስተር ደጋፊ ይሞላል። የአገር ውስጡ ጨዋታ ሲጀምር ግን አግዳሚው ይሳሳል። ምክንያቱን ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «የእኛ ሊግ ወድቋል!» በፍርዱ በከፊል እስማማለሁ። የማልስማማው በማስረጃው ነው።

ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ሁልጊዜ የሊጉ የውስጥ ጨዋታ ነው፤ ጎል አነሰ፣ አቻ በዛ ይባላል። 16 ክለቦች በደርሶ መልስ ቢጋጠሙ በዓመት 240 ጨዋታ ይደረጋል። አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋልና፣ ሊጉ የአፍሪካ ቁንጮም ይሁን ጭራ የድሉና የሽንፈቱ ድምር እኩል ነው። አቻ የበዛው ተከላካዩ ጎብዞ ነው ወይስ አጥቂው ሰንፎ? ከውስጥ ሆኖ የሚያውቅ የለም። አሜሪካኖች የኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖቻቸውን በኮንፈረንስ ከፋፍለው ስለሚያጫውቱ በዚሁ ጥያቄ ሲከራከሩ ይኖራሉ። የትኛው ኮንፈረንስ እንደሚበልጥ ሲጣሉም ዳኛ የሚያደርጉት ቡድኖቹ ከኮንፈረንሳቸው ውጪ ማንን ገጥመው ምን እንዳመጡ ነው። ለቢቸና ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ጉባኤ ያለበት የዲማ ጊዮርጊስ ጎረቤት ነውና፣ የቅኔ ተማሪ ልኩ የሚታየው ከሌላ ጉባኤ የመጣ ተማሪ ሲገጥመው መሆኑን ያውቃል።

እንግዲህ የእኛን ቡድኖች በውጭ ግጥሚያቸው እንያቸው። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። በ1990 ኢትዮጵያ ቡና የግብፁን አል አህሊን የሚያህል ክለብ ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አስወጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2005 የኮንፌዴሬሽን ካፕ፣ በ2009 ደግሞ የሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሻምፒዮኖቻችን ከማጣሪያው አላለፉም። መስከረም 2017 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በታንዛኒያው ያንጋ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0 ተሸነፈ።

የውጭ ጨዋታም ቢሆን ዝም ብሎ አይቆጠርም፤ ዕጣው ማንን እንዳመጣ መታየት አለበት። ፋሲል ከነማ በ2014 መግቢያ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር 2 ለ 2 እና 1 ለ 1 ተለያየ፤ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ወደቀ። በዓመቱ ጊዮርጊስ ያንኑ ክለብ 2 ለ 1 ረትቶ፣ መልሱን 1 ለ 0 ተሸንፎ በዚያው ሕግ ተሰናበተ። አል ሂላል ደግሞ በአህጉሩ ስም ያለው ክለብ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አገሮችን ሲያወዳድር ነጥብ የሚሰጠው ምድብ ውስጥ ለገባ ብቻ ስለሆነ፣ በመዝገቡ ላይ የፋሲል ሁለት አቻና የባንክ ስድስት ጎል አንድ ናቸው፦ ዜሮ። በዚህ በኩል ሊጋችን ከሚገባው በላይ ተዋርዷል።

ታንዛኒያ በብዙ በልጣናለች የሚባለውም መጣራት አለበት። ሲምባ ለሩብ ፍጻሜ ይመላለሳል፤ ያንጋ በ2015፣ ሲምባ በ2017 የኮንፌዴሬሽን ካፕ ፍጻሜ ደርሰዋል። በነዚህ በሁለቱ ትከሻ አገሪቱ አራት ክለብ ወደ አፍሪካ ትልካለች፤ እኛ ሁለት። ነገር ግን ከነዚያ ቀጥሎ የሚጠራውን አዛምን ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ነሐሴ በመለያ ምት አሰናብቶታል። አንድ ግጥሚያ ሁሉን አይናገርም፤ የሚጠቁመው ግን አለ። መሀሉን ከመሀሉ ብናስተያይ ልዩነቱ የሚወራውን ያህል አይመስለኝም። እኛ ያጣነው ጫፉን ነው፤ በየዓመቱ ውጪ ወጥቶ ጠንካራ ክለብ የሚለምድ አንድ ሁለት ቡድን።

ለምን እንደጠፋ ስጠየቅ ጣቴን በሜዳ ላይ እቀስራለሁ። ከ2013 ወዲህ የሊጉ ጨዋታዎች ሊጉ በገባው የቴሌቪዥን ስርጭት ውል ሳቢያ እንደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አዳማ ባሉ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ቆይተዋል። ምስሉ ጠራ፤ የሜዳ ባለቤትነት ግን ጠፋ። ሻምፒዮኑ የተቃዋሚ ከተማ ሕዝብ ሲጮህበት ሳይውል ዓመቱን ይጨርስና፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ጉዞው የባዕድ ሜዳ ላይ ይወርዳል። በዚያ ላይ ካፍ ስታዲየሞቻችንን አገደ፤ ሰኔ 2014 ብሔራዊ ቡድኑ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ ላይ «ባለሜዳ» ሆኖ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች ደግሞ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀቱ ለሊጉ ደረጃ ይጠይቃል እንጂ ጎረቤት አገር ሄዶ ስለመጫወት የሚጠይቅ አላየሁም። ገንዘብ የለም የሚለውንም በሙሉ አልቀበልም፤ ለተጫዋች ፊርማ የሚወጣው ከየት ይመጣል?

በበኩሌ ከአዲስ ዋንጫ ይልቅ የምፈልገው ውድድር ሳይጀመር ሦስት አራት የወዳጅነት ጨዋታ ከጎረቤት አገር ክለቦች ጋር፣ በእነሱ ሜዳ፣ በእነሱ ደጋፊ ፊት መደረጉን ነው። ውጤቱም በጎል ብዛት ብቻ ሳይሆን ከተጋጣሚው ጥንካሬ ጋር ተጽፎ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ መዝገብ ለአምስት ዓመት ቢያዝ፣ የሞጣው ተመልካች «ወድቋል» ሲል ከየት ወዴት እንደሆነ ማሳየት ይችላል።